አርባው ሳይደርስ፦ ያለ ዕድሜው የተለየንን ሰው እንዴት እናስታውስ?

የአክስቴ ልጅ ሲሞት 29 ዓመቱ ነበር። ዘመዴም ጓደኛዬም ነው። አንድ ግቢ አድገናል፤ አንድ ብርድ ልብስ ተሻምተናል። የመኪና አደጋ ነው የወሰደው።

ቀብሩ 9 ሰዓት ነው ተባለ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው "የሕይወት ታሪኩን ማን ይጽፋል?" አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የፕላስቲክ ወንበር ላይ ወረቀት አስደግፌ በ20 ደቂቃ ጨረስኩት። ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰማሁት። "ከሰው ተግባቢ፣ ታዛዥ፣ ታላላቆቹን አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበር።" ውሸት የለበትም። ግን እሱ እዚያ ውስጥ አልነበረም። ያው ወረቀት፣ ስሙ ብቻ ተቀይሮ፣ ባለፈው ዓመት ላረፉት የ80 ዓመት ጎረቤታችን ተነቧል።

እስከ አርባው ባሉት ቀናት ይህን ለማረም ሞከርኩ። አንዳንዱ ተሳካ፤ አንዳንዱ አልተሳካም። ከታች ያለው ከዚያ የተረፈኝ ነው። ቤተሰባችን ኦርቶዶክስ ስለሆነ በአርባና በሰማንያ እቆጥራለሁ። የእናንተ ሌላ ከሆነ ቀኑን ተዉትና ሥራውን ውሰዱ። ፕሮቴስታንት ቤተሰብ ተዝካር አያወጣም፤ የመታሰቢያ ፕሮግራም ግን ያዘጋጃል። ሙስሊም ቤተሰብ ቀብሩን አያቆይም፤ ሰደቃና ዱዓ አለ። ታሪክ መሰብሰብ ለሁሉም ያው ነው።

1. መርዶው ሳያልቅ ምንም አትለጥፉ

ይህን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ስለሚያንገበግበኝ ነው። ከሞተ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አንድ የሰፈር ልጅ ፎቶውን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ክፋት አይደለም፤ አዝኖ ነው። እህቱ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ስልኳን ያየችው ማዕድ ቤት ውስጥ፣ ለብቻዋ፣ ድስት ጥዳ ነው።

ድሮ መርዶ በሥርዓት ነበር የሚነገረው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ የሚይዝ ሰው ከጎን ቆሞ። ስልክ ይህን ሁሉ አፈረሰው። እንደገና መገንባት ግን ይቻላል፤ ያውም በአንድ ወረቀት።

ያልሰሙትን ሰዎች ስም ዝርዝር ጻፉ። እናት፣ አባት፣ ወንድምና እህት፣ እጮኛ፣ የልብ ጓደኛ፣ ውጭ ያሉ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን "ሲሰማ ማን አጠገቡ ይሁን?" የሚለውን ሙሉ። ውጭ ላለ ሰው መጀመሪያ ለእሱ አትደውሉ። እዚያው ከተማ ላለ ጓደኛው ደውሉና ቤቱ ድረስ ሂድ በሉት። ከሥራ የማትወጣ ልጅ ከሆነች ደግሞ የዕረፍት ቀኗን ወይም ሥራ የምትጨርስበትን ሰዓት ጠብቁ። የመጨረሻው ስም ሲሰረዝ አንድ የቤተሰብ አባል ይለጥፍ። ያኔ ሌላውም ይከተል።

የቀደመ ካለ አትሳደቡ። በውስጥ መስመር "እህቱ ገና አልሰማችም፣ እባክህ ለጊዜው አውርደው" በሉት። ብዙው ሰው ወዲያው ያወርዳል።

2. ስልኩንና ልብሱን አትንኩ፤ ከነካችሁም በዘዴ

በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ሰው በሰው ነው። በዚያ ግርግር ነው ነገር የሚጠፋው። አንድ ካርቶን አዘጋጁ። ስልኩን፣ ቦርሳውን፣ መታወቂያውን፣ ደብተሮቹን እዚያ ክተቱ። ኃላፊ የሚሆን አንድ ሰው ምረጡ።

የስልኩን የይለፍ ቁጥር በግምት አትሞክሩ። ደጋግማችሁ ስትሳሳቱ ይቆለፋል። ሲም ካርዱን አትጣሉት። የቴሌግራሙም የኢሜይሉም ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በዚያ ቁጥር ነው። አልፎ አልፎ ትንሽ ካርድ ሙሉበት፤ ሥራ ላይ ያልዋለ ቁጥር ውሎ አድሮ ይዘጋል፣ ለሌላ ሰውም ይሰጣል። የሟቹን ቁጥር ደውሎ የማያውቁት ሰው "ሃሎ" ሲል መስማት እንዴት እንደሚያም የደረሰበት ያውቀዋል።

ቴሌግራም ለተወሰኑ ወራት ያልተከፈተን አካውንት ራሱ ይሰርዛል። ጉግልም ሁለት ዓመት ያልተነካን አካውንት ሊያጠፋ ይችላል፤ ፎቶዎቹም አብረው ይሄዳሉ። ፌስቡክ ደግሞ የሟች ገጽ ወደ መታሰቢያነት እንዲቀየር ጥያቄ ይቀበላል። ማስረጃ ግን ይፈልጋል።

ማስረጃ ካልን፣ የሞት ምስክር ወረቀት የሚወጣው ከወረዳው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ነው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከአርባው በፊት መሆኑን ልብ በሉ። ማንም በዚያ ሰዓት ቢሮ መሰለፍ አይፈልግም። ስለዚህ ከጓደኞቹ አንዱ ከቤተሰቡ ጋር ይሂድ። በኋላ ለባንኩም ለሌላውም የሚጠየቀው ይኸው ወረቀት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በእናንተው ስልክ ውስጥ ያለው ነው። የላከላችሁ የድምፅ መልእክቶች። ዛሬውኑ ከቻቱ አውጥታችሁ ፍላሽ ላይና ኮምፒውተር ላይ አስቀምጧቸው። እኔ የሁለት ዓመት የዋትሳፕ ወሬያችንን አጥቻለሁ። ስልክ ስቀይር ባክአፕ አላደረግኩም ነበር። በወቅቱ ምንም አልመሰለኝም፤ ልጁ እንደሆነ ነገ ይደውላል ብዬ።

አሥራ አንድ የድምፅ መልእክት ግን ቴሌግራም ላይ ተርፎልኛል። አንዱ 14 ሰከንድ ነው። "መጣሁ መጣሁ፣ ሰሚት ደርሻለሁ፣ አምስት ደቂቃ" ይላል። ከድምፁ ጀርባ ሙቀጫ ይሰማል። ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ። እናቱ ቡና እየወቀጠች ነው። ሰሚት የት፣ ሙቀጫ የት! ቤቱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ነው የሚዋሸኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስልኩ ከተከፈተ ፎቶና ድምፅ ውሰዱ፤ ቻቱን አታንብቡ። ሰው ቢሞትም ጓዳ አለው።

ልብሱን በተመለከተ፣ ለነዳያን መስጠት ያባቶች ልማድ ነው፤ ጥሩም ነው። ግን አንድ ሹራብ ወይም ጃኬት ሳይታጠብ አስቀሩ። እናቱን ጠይቁ፣ እሷ ትምረጥ። የእኛ አክስት የመረጠችው ጃኬት ኪስ ውስጥ የማስቲካ ልጣጭና የታክሲ ዝርዝር ሳንቲም ነበር። አላወጣችውም።

3. ቀኑን ቁጠሩ፣ የክርስትና ስሙን ያዙ

ፍትሐቱ የሚደረሰው በክርስትና ስም ነው። ካህኑ "ስመ ክርስትናው ማን ነው?" ሲሉ እኛ ቤት ዝም ዝም ሆነ። እናቱ ራሷን ስታ ተኝታለች። አባቱ ያስታወሱት የወንድሙን ነው። በመጨረሻ ያወቁት የክርስትና አባቱ ናቸው። ይህን የምታነቡ ሁሉ አሁኑኑ የቤተሰባችሁን የክርስትና ስም ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ለማንም የሚጠቅም ሥራ ነው።

ሣልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። በአብዛኛው ቤት ጎልቶ የሚከበረው አርባው ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሣው፤ ሲሄድም 40 ይቆጠርለታል። አክስቴ ይህን ስታስበው ነው ነጠላዋን ፊቷ ላይ የጣለችው።

ቆጠራው ቀላል ነው። የሞተበትን ቀን አንድ ብላችሁ ከጀመራችሁ፣ አንድ ወር ከዘጠኝ ቀን ጨምሩ፤ ያ አርባ ነው። ለሰማንያ ሁለት ወር ከ19 ቀን። የእኛው ልጅ የካቲት 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው ያረፈው። አርባው መጋቢት 17 ዋለ። ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ይህ ሒሳብ አይስትም። ጳጉሜን መሐል ከገባች ግን ተጠንቀቁ። ነሐሴ 1 ያረፈ ሰው አርባው መስከረም 10 ሳይሆን መስከረም 5 ነው። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ከሆነ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን መስከረም 4 ይሆናል።

ቀኑን ካወጣችሁ በኋላ ቀን መቁጠሪያ ላይ ጾምና በዓል እዩ። የእኛ አርባ ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው የዋለው። ሰማንያው ይባስ ብሎ ሚያዝያ 27፣ ልክ የፋሲካ ዕለት! ይህን ያወቅነው ዘመድ ከጠራን በኋላ ነው። ለሁሉም ደውለን ለሌላ ቀን አዛወርነው። ስለዚህ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት የንስሐ አባቱን አማክሩ። እሳቸው መገበሪያውንም ይነግሯችኋል፤ ዕጣኑን፣ ዘቢቡን፣ ጧፉን። ሰሙነ ሕማማት ላይ ለሞተ ሰው ለብቻው ፍትሐት አይደረስም። የሚደረሰው ቀድሞ፣ ሆሳዕና ዕለት፣ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ ነው። ይህን ሳያውቁ ከካህናት የተጣሉ ሰዎች አይቻለሁ።

4. ትንንሹን ነገር ልቀሙ

ዋናው ሥራ ይህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሰው ያለቅሳል። ከሣልስቱ በኋላ ማታ ማታ ድንኳን ውስጥ ካርታ ይጀመራል፣ ንፍሮ ይዞራል፣ ወሬ ይፈታል። አንዱ "ትዝ ይላችኋል፣ ያን ጊዜ…" ይላል። ሰዉ እየሳቀ አፉን በነጠላ ይሸፍናል። ያን ሰዓት ነው መያዝ ያለባችሁ። ከሳምንት በኋላ ድንኳኑ ይነሣል፣ ወሬውም አብሮ ይነሣል።

ስልካችሁን አውጡ። "ለእናቱ ላስቀምጥላት ነው፣ ልቅዳው?" ብላችሁ አስፈቅዱ። እምቢ ያለ ሰው ካለ በኋላ የሰማችሁትን በእጃችሁ ጻፉ።

ጥያቄው ላይ ነው ቁም ነገሩ። "ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ የታወቀ ነው፤ ደግ፣ ተግባቢ። እንዲህ ጠይቁ፦

— መጨረሻ ያበሳጨህ በምንድን ነው?
— ምን ሲበላ ነው የሚስቀው? ምን ሲያይ ነው የሚሸሸው?
— ስልክ ሲያነሣ ምን ይላል?
— ማንን ይፈራ ነበር?
— ከእሱ የተዋስከው ያልመለስከው ነገር አለ? እሱስ ካንተ የወሰደው?

የመጨረሻው ጥያቄ ወርቅ ነው። አንዱ ጃንጥላ ይዞ መጣ። አንዱ ቻርጀር። አንዲት ልጅ ደግሞ ዝም ብላ ቆይታ፣ "የኮሌጅ ምዝገባዬን ከፍሎልኝ ነበር፣ ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኝ" አለች። እናቱ ይህን አታውቅም ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከቀብር በፊት "ዕዳ ያለው አለ?" ብለው ይጠይቃሉ። እኛ ሳናውቅ ዘግይተን ያንኑ ጠየቅን።

እሱ ስልክ ጠጋኝ ነበር። ሱቁን ስናጸዳ የዱቤ ደብተሩን አገኘን። ባለ ካሬ ደብተር ነው፣ ጠርዙ በቡና የተነከረ። "እማማ፣ ባትሪ፣ 300" ይልና ጎኑ ላይ በሌላ ቀለም "ይለፍ"። "ዘበኛው፣ ስክሪን፣ 900፣ ይለፍ።" እስክሪብቶው ቀለም ሲያልቅበት ደግሞ በእርሳስ፣ "ይለፍ።" ቆጠርናቸው፤ 23 ናቸው። "ለተቸገረ ደራሽ ነበር" ብዬ የጻፍኩት ይህንን ሳላውቅ ነው።

አልቃሽ ወይም ግጥም የምትሰጥ እናት ካለች እሷንም ያዙ። ሙሾ የሚወጣው ለዚያ ሰው፣ በዚያ ሰዓት ነው። ካልተያዘ አይገኝም። የአባቱ እህት በሣልስቱ እንዲህ አለች፦

ቀጠሮ ሰጥቶኝ ከደጅ ላይ ቆሞ፣
ሰዓቱን ረሳው ካፈር ተጋድሞ።

ቀጠሮ አለማክበሩን የሚያውቅ ሁሉ አለቀሰ። ከለቅሶውም ውስጥ ሳቅ ነበረበት።

5. የሕይወት ታሪኩን እንደገና ጻፉት

የቀብሩ ዕለት የተነበበው ተነቧል፤ አይመለስም። ለአርባው ሌላ ጻፉ። ጊዜ አላችሁ፣ የለቀማችሁት አለ።

የተለመደው አጀማመር "ከአባቱ ከአቶ እገሌ ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት በእንዲህ ዓመተ ምሕረት ተወለደ፤ ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ…" ነው። አትጣሉት። አባትና እናት ስማቸውን ጮክ ብሎ ሲነበብ መስማት ይገባቸዋል። ግን በሦስት መስመር ጨርሱት። የትምህርት ቤት ዝርዝርም እንዲሁ። ወጣት ሲሞት የሚቸግረው ይህ ነው። የሥራ ልምዱ አጭር ነው፣ ልጅ የለው፣ ማዕረግ የለው፤ ወረቀቱ በአምስት መስመር ያልቃል። ያኔ ነው ሰው ቅጽል መደርደር የሚጀምረው። ቅጽሉን ሰርዙና ቦታው ላይ ያደረገውን አስገቡ።

የእኔ የመጀመሪያው እንዲህ ይል ነበር፦ "ከሁሉም ጋር ተግባቢና ታታሪ ወጣት ነበር።"

ለአርባው ይህን አነበብኩ፦ "ቀጠሮ አያከብርም ነበር። 'መንገድ ላይ ነኝ' ሲል ገና ካልሲ እየፈለገ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ደውላችሁ 'መኪናዬ ቆመችብኝ' ካላችሁት ግን ካልሲ ሳያደርግ ይመጣል። ስልክ ሲጠግን ምላሱን በጥርሱ ይዞ ነው። ብርቱካን ሲልጥ ልጣጩ ካልተበጠሰ ለሚቀጥለው ሰው ያሳያል።"

አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት "እውነት ነው! እኔንም አሳይቶኛል!" አሉ። በለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ጥቂት የተማርኩት፦ ከአንድ ገጽ ተኩል አታስረዝሙ። በጸሐይ የቆመ ሰው አለ። ከማንበባችሁ በፊት ለእናቱ ወይም ለቅርቡ ሰው አንብቡለት፤ "ይህ ይውጣ" ያለው ይውጣ፣ ምክንያት አትጠይቁ። ስለ አሟሟቱ ቤተሰቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይስማማ፤ ከዚያ አትለፉ። በተለይ ሰው በራሱ እጅ ሄዶ ከሆነ ወይም ሕመሙ የሚወራበት ከሆነ፣ "በድንገት ተለየን" በቂ ነው። ጉድለቱን ስትጽፉ የሚያስቀውን እንጂ የሚያሳፍረውን አትምረጡ። የምታነቡት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ሁለተኛ አንባቢ ከጎናችሁ ይቁም። እኔ ብርቱካኑ ላይ ድምፄ ተዘጋ፤ የቀረውን ታናሽ ወንድሙ ነው የጨረሰው።

6. ፎቶ፣ መጽሔት፣ ባነር

ፎቶ ስትሰበስቡ "በቴሌግራም በፋይል ላኩ" በሉ። በፎቶ መልክ ሲላክ ጥራቱ ይወርዳል፤ ስክሪንሾት ደግሞ ለባነር ጨርሶ አይሆንም። የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ አትምረጡ። ማንም ሰው እዚያ ላይ ራሱን አይመስልም።

ትንሽ መጽሔት ካሰባችሁ ገጹ በአራት የሚካፈል ይሁን፤ 8 ወይም 12። ማተሚያ ቤት ፒዲኤፍ ስጡ። በዎርድ ከሰጣችሁ ፊደሉ ተቀያይሮ ሊመጣ ይችላል። እኛ የዱቤ ደብተሩን አንድ ገጽ ፎቶ አንሥተን፣ ስሞቹን ሸፍነን፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ አደረግነው። ምንም አልጻፍንበትም።

ስለ ባነሩ ግን ማፈሬን ልናገር። የልደት ዓመቱን ከፓስፖርቱ ገልብጬ ሰጠሁ፤ 1995። የሞተበትን ደግሞ በእኛው፤ 2016። ታትሞ ሲሰቀል ልጁ በ21 ዓመቱ የሞተ መሰለ። አክስቴ ቆማ አየችውና፣ "ስምንት ዓመት ቀነሳችሁበት" አለች። ጥር 1987 ነው የተወለደው። ሁለቱንም ቁጥር በአንድ አቆጣጠር ጻፉ። ከመታተሙ በፊት ሦስት ሰው ያንብበው፤ አንዷ እናቱ ትሁን።

ጥሪውም ላይ ያው ነው። "ጠዋት 3 ሰዓት" ብላችሁ ውጭ ላለ ዘመድ ከላካችሁ፣ የአዲስ አበባ መሆኑንና በእሱ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ጨምሩ። ዋሽንግተን ያለው አጎታችን በእሱ ጠዋት ቆጥሮ ቪዲዮው ላይ ሲገባ፣ እኛ ወንበር እየሰበሰብን ነበር።

7. ድግሱ

አጭር ልሁን። በዕዳ ተዝካር አታውጡ። ቅዳሴውና ፍትሐቱ ካለ፣ ለነዳያን የሚሆን ካለ፣ ለመጣው ሰው ጸበል ጸዲቅ ካለ በቂ ነው። ሰው ምን ይለናል የሚለው ነው ቤት የሚያፈርሰው። እኛ ጾም ስለነበር ሽሮና ምስር አደረግን፤ ከእድሩ ዕቃ ወሰድን። የተረፈውን ብር ለዚያች ምዝገባ ለከፈለላት ልጅ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ሰጠናት። ይህን የወሰነችው እናቱ ናት።

8. ሐውልቱ ይቆይ

ሐውልት ለማሠራት አትቸኩሉ። አፈሩ መርጋት አለበት፤ ሐሳባችሁም እንዲሁ። በአርባው ከተጣደፋችሁ "ሞት ቀደመህ" የሚል ከየሰፈሩ የተገለበጠ ግጥም ነው የሚቀረጸው። ለሙት ዓመቱ ቢደርስ ይበቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት የቤተ ክርስቲያኑን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። መጠኑን የሚወስን አለ፣ ፉካ ብቻ የሚፈቅድ አለ፣ ቦታውን በዓመት ገደብ የሚሰጥ አለ። ውሉን ሳታነቡ እብነ በረድ አትግዙ። ጽሑፉን በታይፕ ስጡ፤ በስልክ አትናገሩ። ከመቀረጹ በፊት ድንጋዩ ላይ በእርሳስ የተነደፈውን ሄዳችሁ እዩ። ባነር ይቀደዳል፣ ድንጋይ ግን እዚያው ነው።

9. ጓደኞቹ የት ይቀመጡ?

ለቅሶ ቤት ዘመድ ቦታ አለው። ጓደኛ በር ላይ ይቆማል። አሥር ዓመት አብሮት የዋለ ልጅ "አንተ ደግሞ የማን ነህ?" ይባላል። እኔ ሁለቱንም ስለሆንኩ ነው ያየሁት። ስለዚህ ሥራ ስጧቸው። ፎቶ መሰብሰቡን፣ መጽሔቱን፣ የምስክር ወረቀቱን ሰልፍ ለእነሱ ተዉ። ከዘመድ በላይ ይሠሩታል።

ከአርባ በኋላ ሰው ይበተናል። ያኔ ነው ቤቱ የሚጸጥ። እኛ ወር በገባ በ8 አንድ ጓደኛው እናቱ ጋ ሄዶ ቡና ይጠጣል። ስምንት ሰው ነን፣ በተራ። ሲሄዱ "ጠንክሪ፣ አታልቅሺ" አይሏትም። ስለ እሱ አንድ ነገር ይነግሯታል፤ ያልሰማችው ከሆነ ይመረጣል። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ ላይ ግን ሁላችንም እንደውላለን። በዓል ከባድ ነው። ዱባይ ላለችው እህቱም እንዲሁ፤ እሷ ሳታለቅስ ነው ሥራ የቀጠለችው። መጽሔቱን፣ የተቀዳውን ወሬ ሁሉ ልከንላታል። በዕረፍት ቀኗ ደውላ አንድ ሰዓት ሙሉ እያለቀሰች የልጅነታቸውን አወራችን።

10. ድምፁን ማሰማት

በአርባው ዕለት በድምፅ ማጉያ ድምፁን የሚለቁ አሉ። እኔ አልመክርም። እናት ሰው ፊት ስትወድቅ አይቻለሁ። መጀመሪያ ጠይቁ፦ "ድምፁ አለኝ፣ መስማት ትፈልጊያለሽ?" አይ ካለች ተዉት፤ ከወራት በኋላ ራሷ ትጠይቃለች። እሺ ካለች ቤቷ፣ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ባለበት፣ በቀን። ምን እንዳለበት አስቀድማችሁ ንገሯት። አጭሩን ምረጡ። ከዚያ ቶሎ ተነሥታችሁ አትሂዱ።

አክስቴ የጠየቀችኝ ከሙት ዓመቱ በኋላ ነው። ተራዬ ደርሶ ሄጄ፣ ቡና እየቆላች ነበር። "ያ አለኝ ያልከውን አምጣው" አለች። 14 ሰከንዷን ከፈትኩላት። "መጣሁ መጣሁ፣ ሰሚት ደርሻለሁ፣ አምስት ደቂቃ።" ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ።

ማንከሽከሻውን አቆመች። "ድገመው" አለች። ደገምኩት።

"ይሄ የኔ ሙቀጫ አይደለም እንዴ?" አለች።

"ነው እትዬ።"

"ውሸታም!" አለች፣ ወደ ስልኩ። ዕንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ቡናው አረረ።